ትል ያረባንበት መደብ

መተማ የገባሁት ሙሽራ ሆኜ ነው። ጣሊያን ጎንደርን በያዘ በዓመቱ፣ ጥር ላይ፣ ባለቤቴ ጭልጋ ከአባቴ ቤት በበቅሎ አምጥቶ እናቱ ደጃፍ አወረደኝ። ደጋ ተወልጄ ደጋ ያደግሁ ነኝ፤ ቆላን በወሬ ነበር የማውቀው። ሙቀቱን አስቀድመው ነግረውኝ ስለነበር ብዙም አልደነቀኝም። የደነቀኝ መሬቱ ነበር። ከቤቱ ጀርባ ያለው ጓሮ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ከመድረቁ የተነሳ ተሰነጣጥቆ ስንጥቁ እጄን እስከ ክርኔ ይውጣል። አንዲት እሾሃም ቁጥቋጦ፣ የጎረቤት ፍየሎችና የወደቀ አጥር፤ ሌላ ምንም የለም። «እዚህ ላይ ምን ይበቅላል?» ብዬ በሆዴ አዘንኩ።

አባቴ ጓሮ ወዳድ ሰው ነበር። ጌሾውንም ጎመኑንም ሽንኩርቱንም በገዛ እጁ ነው የሚተክለው። አዲስ መሬት ሊያለማ ሲያስብ አንድ ሁለት ዶማ ይቆፍርና ተንበርክኮ አፈሩን በጣቱ ይፈለፍላል። የመሬት ትል ካገኘ ፊቱ ይበራል። ካላገኘ ደግሞ ፍግ እያመጣ፣ ጉዝጓዝ እያነጠፈ፣ ውሃ እያጠጣ ምንም ሳይዘራ ይጠብቃል። ትሉ ከመጣ በኋላ ነው ዘር የሚያወጣው። እኛ ልጆቹ «አባታችን ለትል ድግስ ይደግሳል» እያልን እንስቅበት ነበር። ሳላስበው ያንን ሥራውን ተምሬው ኖሯል።

አማቴ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ነገራቸው አጭር ሴት ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው፤ ታናሹ ባለቤቴ ነው። ታላቁ ጣሊያን ሲመጣ ከዘመቱት ጋር ወደ ሰሜን ዘምቶ እዚያው ቀርቷል። ይህን ከመጋባታችን በፊት ነግረውኛል። ጓሮው የእሳቸው እንደነበረም ጎረቤቶች አጫወቱኝ። ባሚያቸው በገበያው የታወቀ ነበር፤ ሴቶች ሰልፍ ይዘው ነበር አሉ የሚጠብቁት። የልጃቸው መርዶ ከመጣ ወዲህ ግን አንድ ቀንም ወደዚያ አልወጡም። አጥሩ ሲወድቅ አላነሱትም።

እኔን በክፉ አላዩኝም፤ እንዲያው አላዩኝም ማለት ይቀላል። ጠዋት «እንዴት አደርሽ» ይላሉ፤ ከዚያ እንዝርታቸውን ይዘው ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ከመሸ በኋላ «እግዜር ያሳድርሽ»። በመካከሉ ያለው ቀን ዝምታ ነው።

የባለቤቴ የማሽላ እርሻ ከከተማው ራቅ ያለ ነበር። በዚያ ዘመን ወደ እርሻ መውጣት ራሱን የቻለ ፍርሃት ነው። ጫካው ውስጥ አርበኞቹ አሉ፤ መንገዱ ላይ የጣሊያን ወታደርና ባንዳው አለ፤ አንዱ ያየህ እንደሆነ ለሌላው የምትላላክ ይመስለዋል። ስለዚህ ብዙ ቀን ቤት ይውላል። አንድ ቀን «ጓሮውን ለምን አናለማውም?» አልኩት።

«እናቴን ጠይቂያት» አለኝ።

ጠየቅኋቸው። እንዝርታቸውን ሳያቆሙ «እንደፈለጋችሁ» አሉ።

አጥሩን በእሾህ አጠርን፤ በዶማ ቆፈርን። ዶማው ድንጋይ የመታ ይመስል ይዘልል ነበር። ጎመንና ሽንኩርት ዘራሁ። ከጉድጓዱ እየቀዳሁ ሳጠጣው ውሃው መግባት እምቢ ብሎ ላዩ ላይ ይተኛል፤ ከዚያ ፀሐይ ሲመታው እንደ ሸክላ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ መሬቱ ሲሰነጠቅ የችግኙን ሥር ይበጥሰዋል። ሁሉም ሞተብኝ። ባለቤቴ «ይህ የማሽላ መሬት ነው፣ ተይው» አለ። እኔ ግን እንደ አባቴ ተንበርክኬ አፈሩን ብፈለፍለው አንዲት ትል የለችበትም።

ክረምቱ ገባ። በመተማና በሱዳን ማዶ መካከል ያለው ኾር፣ በጋ ደርቆ ከርሞ ክረምት የሚሞላው ወንዝ፣ ደለሉን ዳር ላይ ጥሎ ጎደል ሲል ወረድኩ። አንድ ሾላ ዛፍ ሥር የበሰበሰ ቅጠል ተከምሯል። ገለጥ ሳደርገው ትሎቹ ሞልተዋል፤ ወፍራም፣ ቀላ ያሉ፣ እርጥብ። የአባቴን ቤት ያየሁ ያህል ደስ አለኝ። ከነአፈራቸው በቅል ሞላሁና ላዩን በቅጠል ሸፍኜ ይዤ መጣሁ።

አማቴ በር ላይ ነበሩ። «ምን ይዘሽ ነው?» አሉኝ፤ ከመጣሁ ጀምሮ ምናልባት የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ነው። ደስ ብሎኝ ቅጠሉን ገልጬ አሳየኋቸው።

ፊታቸው አመድ መሰለ። «ትል?» አሉ። «ትል ይዘሽ ወደ ቤቴ?» ብለው ወደ ኋላ ሸሹ፤ ግድግዳው ይዞ አስቀራቸው። ከዚያ ገብተው በሩን ዘጉት።

ምን እንዳደረግሁ ሳላውቅ ቅሉን ታቅፌ ቆምኩ። ባለቤቴ ሲመጣ ነገርኩት። መሬት ላይ ተቀምጦ ያልተነገረኝን ነገረኝ።

«ከወንድሜ ጋር የዘመተ አንድ ሰው ተመልሶ መጥቶ ነበር» አለ። «ሲያወራላት አጠገቧ ነበርኩ። ሜዳ ላይ እንደወደቀ፣ የቀበረው ሰው እንደሌለ ነገራት። ሸሽተው ሲያልፉ ዝናብ መትቶት፣ ትል ወጥቶበት አየሁት አላት። ይህን ለእናት ይነግራሉ? ያን ዕለት አፉን ብይዘው ኖሮ!»

ትሎቹን ወደ ኾሩ ልመልሳቸው ተነሳሁ። ባለቤቴ ግን «ቆይ» ብሎ ወደ እናቱ ገባ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ሲወጣ «ከዓይኔ ይራቅ እንጂ እንደ ፍጥርጥራችሁ ብላለች» አለኝ። ስለዚህ ከቤቱ በር የማይታየውን የጓሮውን ጥግ መረጥን።

እንዲህ ነው የጀመርነው። ከጎናችን አንድ ነጋዴ ይኖር ነበር፤ ሙስሊም ነው፣ ከሱዳን ጨርቅና ስኳር በግመል የሚያመጣ፣ ሳቂታ ሰው። ግቢው ውስጥ የግመልና የአህያ ፍግ እንደ ኮረብታ ተቆልሏል። «ውሰዱልኝ፣ ዝንቡ ፈጀኝ» አለን። ትኩሱ ፍግ እንደሚያቃጥል ስለማውቅ ከሥር ያለውን አሮጌውን፣ አፈር አፈር የሚሸተውን እየመረጥኩ አመላለስን። ባለቤቴ ጥጉ ላይ አንድ መደብ በጥልቁ ቆፈረ፤ ፍጉን ከዋልካው ጋር አዋሃድነው፤ ከኾሩ ደለል ጨመርንበት፤ ትሎቹን ለቀቅናቸው። ላዩን ቅጠልና አሮጌ የቤት ክዳን ሣር ጎዘጎዝኩበት። ክረምቱ ሲያልፍ ፀሐዩ እንዳይጨርሳቸው በእንጨትና በማሽላ አገዳ ዳስ ሠራንለት።

መጀመሪያ ምስጥ መጣ። የቆላ ምስጥ ደረቅ ነገር ካገኘ አይምርም፤ ጉዝጓዙን በአንድ ሳምንት አፈር አለበሰው። ደረቁን አንስቼ እርጥብ ቅጠል ብቻ ማልበስ ጀመርኩ፤ እርጥቡን አይወደውም። ከዚያ ዶሮ መጣች። ዶሮ ትል ያለበትን ቦታ አንዴ ካወቀች አትረሳም። ደግሞ እሾህ አጠርን። ጎረቤቶች የምድጃ አመዳቸውን በየጓሯቸው ይደፋሉ፤ እኔ ግን መደቡ ጋ እንዳይደርስ ከለከልኩ፤ አመድ ሲበዛ ትሉን እንደሚያቃጥለው አባቴ ይለን ነበር። መቆፈርም ተውኩ። አረሙን በእጄ እነቅላለሁ እንጂ ዶማ አላስነካውም።

የመጀመሪያው በጋ አለቁ ብዬ ነበር። ሚያዝያ ላይ መሬቱ እንደ ምጣድ ሲግል መደቡን ብነካካው አንድም አጣሁ። አልቅሼ ነበር ማለት እችላለሁ። ባለቤቴ መቆፈሪያ አምጥቶ በአንድ ጎን ወደ ታች ገባ። ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ ትንሽ ርጥበት ባለበት እንደ ክር ድውር ተጠቅልለው ተኝተዋል። «አሉልሽ!» ብሎ ሲስቅ አየሁት፤ ከተጋባን ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አላየሁም።

ክረምት በክረምት ላይ ሲጨመር አፈሩ ሌላ ሆነ። እጄን ስሰድበት ይገባል። ውሃ ሳፈስበት ይጠጣል እንጂ አይተኛም። ሽንኩርቱ ጡጫ አከለ። ባሚያው ከቁመቴ በለጠ። ነጋዴው ጎረቤታችን እየመጣ «ይህ የኔ ግመሎች ሥራ ነው» እያለ ይኮራ ነበር። አማቴን ሲያገኛቸው «ሐቦባ፣ አላዩትም እንዴ?» ይላቸዋል፤ ሱዳኖች አያትን እንደሚጠሩት። «አይቻለሁ» ይላሉ፤ አላዩትም። ከዚያ መደብ የወጣ ነገር አንድም ቀን ቀምሰው አያውቁም። የእሳቸው ወጥ የሚሠራው ነጋዴው በሚያመጣው ሽንኩርት ነበር፤ እኔም ድስታቸውን ለይቼ እሠራላቸው ነበር። ይህን ተቀብለን ኖርን።

ለሟቹ ለባለቤቴ ወንድም ተዝካር ማውጣት የቻልነው ዘግይተን ነው። አቅሙ ሲገኝ ከዐቢይ ጾም በፊት ጎረቤቱን ጠራን። ሴቶች ሲያግዙኝ ዋሉ። ለወጡ የገበያ ሽንኩርት ለይቼ አስቀምጬ ነበር፤ እንግዳው ከታሰበው በላይ ሆነና አለቀ። እኔ ካህናቱን ሳስተናግድ አንደኛዋ አጋዥ ወደ ጓሮ ወጥታ የምትፈልገውን ያህል ነቅላ መጣች። ምን ታውቃለች? ለእሷ ጓሮ ጓሮ ነው።

ምግቡ ቀረበ። አማቴም በላ በላ አደረጉ። አንዲት አሮጊት እንግዳ «ኧረ ይህ ሽንኩርት እንዴት ይጣፍጣል! ከማዶ ነው?» ስትል ያቺው አጋዥ በደስታ «ኧረ ከዚሁ ነው፣ ከጓሮ! ከትሉ መደብ» አለች።

አማቴ የያዙትን ጉርሻ መሶቡ ላይ መለሱት። ተነሱ። ሰው ሁሉ ውሃ ሊጠጡ ወይም ሊያርፉ የገቡ መስሎት ነበር። እሳቸው ግን ወደ ማዕድ ቤቱ ሄደው የፈላውን የውሃ ድስት በነጠላቸው ይዘው ወደ ጓሮ ወጡ። ደረስኩ፤ ደፍተውታል። ተመልሰው ሁለተኛውን ይዘው መጡ። ልይዛቸው እጄን ስዘረጋ «አትንኪኝ!» አሉኝ፤ ድምፃቸው የሰው አይመስልም ነበር። እንፋሎቱ ከመደቡ ላይ ይነሳል። ትሎቹ ወደ ላይ ወጡ፤ እየተጠማዘዙ በጉዝጓዙ ላይ ተዘረሩ፤ ከዚያ ነጣ አሉ። እንግዶቹ አጥሩ ጋ ቆመው ያያሉ። ባለቤቴ እናቱን አቅፎ ወደ ቤት አስገባቸው።

ከዚያ ቀን በኋላ በቤታችን ወትሮ የነበረችው ያቺ «እንዴት አደርሽ» እንኳ ጠፋች። አልተቀየምኳቸውም። በልጃቸው ተዝካር፣ በገዛ አፋቸው፣ ያንን መቅመሳቸውን ሳስብ ምን ብዬ እቀየማለሁ?

ጥቂት ቀናት አለፉ። አንድ ጠዋት ውሃ ልቀዳ ስወጣ አማቴ መደቡ አጠገብ ተንበርክከዋል። የነጠላቸው ጫፍ ጭቃ ውስጥ ገብቷል። በእጃቸው ትንሽ ጉድጓድ ጭረው የሞቱትን ትሎች አንድ በአንድ እየለቀሙ ይከታሉ።

«እማማ፣ ምን እየሠሩ ነው?»

«አፈር እያለበስኳቸው ነው» አሉ ቀና ሳይሉ። «ፀሐይ ላይ ተሰጥተው ሰነበቱ።»

ባልዲዬን አስቀምጬ አጠገባቸው ተንበረከክሁ። አብሬያቸው መልቀም ጀመርኩ። እየለቀሙ እንዲህ አሉኝ፦ «እነሱን ጠልቼ አይደለም። ልጄን ማን እንዳገኘው ነበር የማስበው። አሞራ ይሁን፣ ጅብ ይሁን፣ ትል ይሁን። አሞራውንና ጅቡን ከየት አገኛቸዋለሁ? እነዚህን አገኘኋቸው።»

አንዲቱን ትል ከጉዝጓዙ ላይ አነሳሁ። «እነዚህ ሰው አይነኩም፣ እማማ» አልኳቸው። «የሚበሉት የበሰበሰ ቅጠልና ፍግ ነው። የሥጋ ትል ከዝንብ የሚመጣው ሌላ ነው።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«አባቴ ያረባ ነበር።»

«ትል?» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። «አባትሽ ትል ያረባ ነበር?» የሳቅ የሚመስል ነገር በአፋቸው ዳር አለፈ፤ ወዲያው እንባቸው መጣ። እንባውን በጭቃ እጃቸው ሲጠርጉት ፊታቸው ሁሉ ጭቃ ሆነ። ልጃቸው ልጅ እያለ ባሚያውን በጥሬው እየቀነጠሰ እንደሚበላባቸው፣ ሲይዙት ጉንጩን ሞልቶ «አልበላሁም» እንደሚል ያን ጠዋት አወሩኝ። ስለ እሱ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«አለቁ በቃ?» አሉ ሲጨርሱ።

ዝቅ ብዬ በእጄ ቆፈርኩ። የፈላው ውሃ ብዙም አልሰረገም። ከሥር አንድ ሁለት ሕይወት ያላቸው ነበሩ። ከእነሱ ጋር የሎሚ ቅርጽ ያላቸው፣ ከጤፍ ከፍ የሚሉ ቢጫ ፍሬዎች አገኘሁ። መዳፋቸው ላይ አኖርኩላቸው። «እንቁላላቸው ነው» አልኩ። «ውሃና ጥላ ካላጣ ይፈለፈላል።»

እጃቸውን ጨብጠው አልከፍት አሉ፤ እንቁላሉ እንዳይወድቅ። በኋላ እየሳቅሁ እንቁላሉን መልሰው እንዲቀብሩት አደረግሁ።

ከዚያ በኋላ መደቡ የእሳቸው ሆነ። እንዝርቱ ጥላ ሥር ብቻውን ይውል ጀመር። ጠዋት ከእኔ ቀድመው ይወጣሉ፤ ቅጠሉን ያረጥባሉ፤ ዳሱን ያቀናሉ፤ ዶሮ ያባርራሉ። ዶሮዎቹን በሰው ስም እየጠሩ ሲሰድቡ ባለቤቴና እኔ ቤት ውስጥ ሆነን አፋችንን ይዘን እንስቅ ነበር። ባሚያ እንዴት እንደሚመረጥ፣ የትኛው ለዘር እንደሚቀር፣ ደርቆ ተወቅጦ እንዴት ዌይካ እንደሚሆን አሳዩኝ። ዌይካ ያ የደረቀ ባሚያ ዱቄት ነው፤ ቆላ ላይ ወጥ ያለ እሱ አይወፍርም። የሚያስተምሩኝ እየተቆጡ ነበር። «እጅሽ የደጋ እጅ ነው፣ ይፈጥናል፣ ቀስ!» ይሉኛል። ነጋዴው ሲያያቸው «ሐቦባ ወጡ!» ብሎ ጮኸ።

አንድ ነገር ብቻ ይከነክናቸው ነበር። «እንዲያ ለምልሞ፣ እኔ በአንድ ቀን ፈጀሁት» ይሉ ነበር አፈሩን እየነኩ። «እንግዳ ፊት አበድኩ።» ይተዉት ብንላቸውም አይተዉትም። መደቡ በክረምቱ ግማሽ ያህል ተመለሰ። ሽንኩርቱን በጥቅምት ሲያዛውሩ «የዚህን መጀመሪያ የምበላው እኔ ነኝ» አሉኝ። «ስበላ ታይኛለሽ።»

ያ ክረምት ግን ሌላ ነገርም ይዞ መጥቶ ነበር። ጣሊያንና እንግሊዝ ተጣሉ ተባለ። ድንበሩ ተዘጋ። ነጋዴው ነገሩን ቀድሞ ሸቶት ኖሮ ከመዘጋቱ በፊት ግመሎቹን ጭኖ ወደ ማዶ ሊሻገር መጣ። «ፍጉን ሁሉ ትቼላችኋለሁ» አለ እየሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ጠፋና አማቴን እጃቸውን ሳማቸው። «ሲረጋጋ እመለሳለሁ፣ ሐቦባ» አለ። ማዶ ያለውን የእንግሊዝ ምሽግ ጣሊያን ያዘው፤ አውሮፕላን መምጣት ጀመረ፤ ወታደሩ በዛ። የጓሯችንን የታችኛውን ጫፍ ለምሽግ ቆፈሩት። መደቡ ተረፈ። አማቴ ወታደሮቹ ሲቆፍሩ አጥሩ ጋ ቆመው ዋሉ።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ንጋት ላይ መድፉ ጀመረ። ከማዶ፣ ከእንግሊዝ በኩል ነበር የሚተኮሰው። ምድሩ ይንቀጠቀጣል፤ የክዳኑ ሣር ከላያችን ይረግፋል። ባለቤቴ አህያዋን አውጥቶ ዱቄትና አንድ አቁማዳ ውሃ ጫነ። ወደ ኮኪት እንሂድ ብለናል፤ ዘመድ አለን። ሰው ሁሉ በመንገዱ ላይ ነው፤ የሚጮኸው ሕፃን፣ የሚጠፋው በግ፣ አቧራው። አማቴ ጠፉ። ባለቤቴ ሊፈልጋቸው ሲል ከጓሮ መጡ። እርጥብ ጨርቅ የተሸፈነ ቅል ታቅፈዋል።

«ምንድን ነው ይኼ?» አለ።

«ጥቂት ነው» አሉ። «ከነአፈሩ። እዚያ መሬት ካገኘን...»

በዚያች ሰዓት ሌላ የመድፍ ጥይት ወደቀ፤ ቅርብ ነበር። ባለቤቴ ፈርቶ ነበር፤ ስለ እኔም ፈርቶ ነበር፣ ነፍሰ ጡር ነበርኩ። «ሰው ውሃ በሚጠማበት መንገድ ለትል ውሃ ልታጠጪ ነው?» ብሎ ጮኸባቸው። «ጣዪው! አሁን ጣዪው!»

እናቱን እንደዚያ ተናግሯቸው አያውቅም። አማቴ ቅሉን አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው በሩ አጠገብ አስቀመጡት፤ እንደሚሰበር ዕቃ። «እሺ ልጄ። እውነትህን ነው» አሉ። 

መንገዱ ላይ ውሃ ነበረ። ዝናቡ ካቆመ ብዙ አልሆነውምና በየኾሩ ኩሬ ነበረ፤ ጠጥተን፣ አህያዋን አጠጥተን፣ ፊታችንን ታጥበን ነው የሄድነው። አንደኛው ኩሬ ጋ ባለቤቴ ውሃውን ትኩር ብሎ ሲያይ አየሁት። እናቱ አጠገቡ ተቀምጠው እግራቸውን ይለቀለቁ ነበር። ምንም አላሉትም።

ኮኪት እንደደረስን የወባ ጊዜ ነበር። ብዙ ሰው ይንቀጠቀጣል። አማቴን በኅዳር ያዛቸው። መድኃኒት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ውሃ በጨርቅ እያደረግሁ ግንባራቸው ላይ አኖራለሁ። በትኩሳቱ መካከል ጓሮ ያለን እየመሰላቸው «ዳሱ ዘመመ» ይሉኛል። «አቃንቼዋለሁ» እላቸዋለሁ። አንድ ቀን ልባቸው ተመልሶ «ሽንኩርቱ አሁን ምን ያህል ሆኖ ይሆን?» አሉኝ። «ጣት አክሏል» አልኳቸው። «ገና ነው እንግዲህ» አሉ። በማግስቱ ዐረፉ። ባለቤቴ መቃብራቸውን ማንንም ሳያስነካ ብቻውን ቆፈረ፤ ሰዎች ዶማውን ሊቀበሉት ሲሞክሩ እየገፋቸው።

መተማ የተመለስነው ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ ሴት ልጄን አዝዬ ነው። ቤቱ ተቃጥሏል። ጓሮው ላይ የከባድ መኪና ጎማ ተመላልሶ መሬቱን እንደ አስፋልት ጠቅጥቆታል። የቆርቆሮ ጣሳ፣ የሽቦ ቁርጥራጭ፣ ዘይት የጠጣ አፈር። የነጋዴው ግቢ ባዶ ነው፤ እሱም እንደዚያ እንደወጣ ቀረ፤ በሕይወት ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ አላወቅንም።

ባለቤቴ ቤት ሳይሠራ ጓሮውን ነበር መቆፈር የጀመረው። ዘይት የነካውን አፈር ተሸክሞ ጣለ። ከብት ካለው ሰው ሁሉ ፍግ ለመነ። ክረምት ሲገባ ኾሩ ዳር ወርዶ ትል ያመጣል፤ ደግሞ ይወርዳል፣ ደግሞ ያመጣል። «ይበቃል እኮ፣ ራሳቸው ይራባሉ» እለዋለሁ። አይሰማኝም። በመጀመሪያው ዓመት ሁሉም ሞቱ። በሁለተኛው ጥቂት ቀሩ። ከዚያ መሬቱ ቀስ በቀስ ለሰለሰ፤ ሽንኩርትም ያዘ፣ ባሚያም ያዘ፣ ልጆቻችንም ከዚያው አደጉ።

አንድ ጊዜ፣ ሁለታችንም ካረጀን በኋላ፣ «አልተቀየመችህም እኮ» አልኩት፤ ስለ ማን እንደምናገር መጠየቅ አላስፈለገውም።

«አውቃለሁ» አለ። «ብትቀየመኝ ይሻለኝ ነበር። ይቅርታ እጠይቃት ነበር።»

እኔ የምቆጭበት ሌላ ነው። በዚያ ቤት ለዓመታት አብረን ኖረናል፤ በአንድ ጣሪያ፣ በአንድ ምድጃ። የተነጋገርነው ግን ከዚያ የካቲት እስከዚያ ኅዳር ብቻ ነው። ባሚያ ለዘር እንዴት እንደሚመረጥ ነገሩኝ፤ ዌይካውንም ነገሩኝ። በርበሬውን እንዴት እንደሚያደርጉት፣ ዱባውን ከበጋ በጋ እንዴት እንደሚያቆዩት፣ በልጅነታቸው ከየት ወደዚያ ቆላ እንደወረዱ፣ ያንን «ለከርሞ አጫውትሻለሁ» ይሉኝ ነበር።